ሁሉን በድሮው ሕመም አታሳብቡ

በዚህ ወር የደረሱኝን ደብዳቤዎች ሳገላብጥ አብዛኞቹ ከአንድ ቤት የወጡ ይመስላሉ። ወንድም፣ እናት፣ አባት ወይም ራሱ ጸሐፊው ከአእምሮ ሕመም ጋር ለረጅም ዓመታት ኖሯል። ቤተሰቡም ሕመሙን ለምዶታል። አሁን ደግሞ ዕድሜ መጣና መርሳቱ፣ መደናገሩ፣ መንቀጥቀጡ ተጨመረበት። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ «ይሄ የድሮው ነው ወይስ አዲስ?» የሚል ነው። መልሱ እንደየሰዉ ይለያያል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልናገር፦ «ያው በሽታው ነው» የምትለዋ ንግግር ሊታከም የሚችል ብዙ ነገር ሳይታከም ታስቀራለች።

ስማችን አይውጣ ያላችሁ ስለበዛችሁ ሁላችሁንም ያለ ስም አቅርቤያችኋለሁ። ደብዳቤዎቹንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ 66 ዓመቱ ነው። ስኪዞፍሬኒያ የጀመረው በሃያዎቹ ውስጥ ነው። መርፌውን በየወሩ ይወጋል፣ ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው ክኒንም አለ። ድምፅ መስማቱ ከቀረለት ዓመታት ሆኖታል። ከአምና ጀምሮ ግን ሌላ ሰው ሆነብኝ። አንዱን ጥያቄ ይደጋግማል። ምድጃ ለኩሶ ይረሳል። ባለፈው ሁልጊዜ በሚሄድበት መንገድ ጠፍቶ ሰው ይዞልኝ መጣ። ለሐኪሙ ስነግረው ‹የቆየ በሽታ አይደል፣ እንዲህ ያደርጋል› አለኝ። እውነት እንዲህ ያደርጋል?»

መልስ፦ እህቴ፣ አያደርግም። ቢያንስ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ አያደርግም።

ስኪዞፍሬኒያ ማሰብን ይነካል፣ እሱ ሐቅ ነው። ትኩረት መሰብሰብ፣ ነገር ማቀድ፣ የሰሙትን ይዞ መቆየት ይከብዳል። ይህ ጉዳት ግን በአብዛኛው የሚመጣው መጀመሪያ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ድምፁና ጥርጣሬው ሳይጀምር፣ ልጁ ገና ተማሪ እያለ ምልክቱ ይታያል። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ሰው ላይ ባለበት ይረጋል። ለአርባ ዓመት ምድጃ ሲያጠፋ የኖረ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ማጥፋቱን ከረሳ፣ የአርባ ዓመቱን በሽታ መውቀስ አያስኬድም። ሌላ ነገር ገብቷል።

የሐኪሙ አነጋገር ሥሩ ሩቅ ነው። ጀርመናዊው ኤሚል ክሬፕሊን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ይህን ሕመም የገለጸው በወጣትነት ጀምሮ አእምሮን እያዳከመ የሚሄድ በሽታ አድርጎ ነው። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ1910 በመማሪያ መጽሐፉ ላይ አንዱን የመርሳት በሽታ በባልደረባው በአሎይስ አልዛይመር ስም የጠራውም ይኸው ሰው ነው። ከእሱ በኋላ ሕሙማንን ለአሥርት ዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያገኙት ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ ይረጋጋሉ፣ አንዳንዶቹም በስተርጅና ከወጣትነታቸው የተሻለ ይኖራሉ። ይህ ከታወቀ ቆየ። ሆኖም የድሮው አስተሳሰብ ካርድ ክፍል ድረስ አብሮን ይመጣል።

ሌላውንም ወገን መደበቅ አልፈልግም። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ሲያረጅ የመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። ለዚህ አስተዋጽኦ ከሚያደርጉት ዋነኞቹ ሳይታከም የቆየ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ እንቅስቃሴ ማጣትና ብቸኝነት ናቸው። የአእምሮ ሕመምተኛ ደረቴን አመመኝ ሲል እንኳ ሰሚ የሚያጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የወንድምዎ ነገር የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ሳይመረመር ማወቅ አይቻልም።

መጀመሪያ ክኒኗን እንያት። «ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው» ያሉት ትራይሄክሲፌኒዲል ይመስለኛል፣ ብዙ ሰው አርቴን የሚለው። እንደ ሃሎፔሪዶልና ፍሉፌናዚን ያሉ የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒቶች ሰውነትን ሲያገትሩና ሲያንቀጠቅጡ ለማስታገስ ይታዘዛል። ያስታግሳልም። የሚሠራው ግን አሴቲልኮሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር በመከልከል ነው፤ አንጎላችን ነገርን የሚያስታውሰው ደግሞ በዚሁ ንጥረ ነገር እየታገዘ ነው። በአልዛይመር በሽታም የሚመናመነው እሱ ነው። ወጣት ጭንቅላት ይህን ይችለዋል። በ66 ዓመት ግን አንዲቷ ክኒን ብቻዋን ሰውን ልታደናግር ትችላለች። አፉ ይደርቃል? ሆዱስ? ሽንቱ አልወጣ ይለዋል? ዓይኑ ይጭበረበርበታል? እነዚህ ካሉ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። ብዙ ሰው ይህችን ክኒን ድሮ አንዴ ታዛለት፣ ማንም ዳግም ሳያያት ለዓመታት ይውጣታል። በራስዎ አያስቁሟት፣ በድንገት ስትቋረጥ ሌላ ጣጣ አላት። ሐኪሙን «ይቺ ክኒን አሁንም ታስፈልገዋለች? ቀስ እያልን ብንቀንሳትስ?» ብለው ፊት ለፊት ይጠይቁት።

ቀጥሎ ምርመራ። ታይሮይድ፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ስኳር፣ ሶዲየም፣ ኩላሊት፣ የደም ማነስ፣ ቂጥኝና ኤችአይቪ። ሁሉም ማሰብን የሚያደበዝዙ፣ ሁሉም መላ ያላቸው ናቸው። በቅርብ ወራት ወድቆ ነበር? በዕድሜ የገፋ ሰው ራሱን ትንሽ ከተመታ በኋላ ደም ከአንጎሉ ሽፋን ሥር ቀስ እያለ ተጠራቅሞ ከሳምንታት በኋላ ሊያደናግረው ይችላል። በሲቲ ስካን ይታያል። ጆሮውንም ያስመርምሩለት። ያልሰማውን ነገር ረሳው ማለት አይቻልምና።

የመርሳት ፈተናም ይሰጠው ይሆናል፣ ከ30 የሚታረመው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከ30 20 አገኘ መባሉ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው፣ ወይም ትምህርት ቤት ብዙም ያልቆየ ሰው፣ ደህና ሆኖም ዝቅ ያለ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። ወንድምዎ መወዳደር ያለበት ከራሱ ጋር ነው፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው ከራሱ ጋር። ያን የሚያውቁት ደግሞ እርስዎ ነዎት እንጂ ፈተናው አይደለም። ስለዚህ ለቀጠሮው አንድ ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ለሁለት ይክፈሉት፣ በአንድ በኩል «በፊት»፣ በሌላው «አሁን»። እንዲህ ዓይነት ነገር ይጻፉበት፦ «በፊት የመርፌውን ቀን ራሱ ነበር የሚያስታውሰኝ። አሁን በተወጋ በማግስቱ ‹መቼ ነው የምወጋው?› ይለኛል።» «በፊት ገንዘብ ቆጥሮ ነበር የሚቀበለኝ። አሁን ሳያይ ኪሱ ይከተዋል።» እንዲህ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠን ነገር «ያው በሽታው ነው» ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ሐኪሙ ካለፈውም ሌላ ሐኪም ጋ መሄድ መብትዎ ነው።

ጥያቄ፦ «እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ባይፖላር አለባት። ሊቲየም ከጀመረች ሃያ አምስት ዓመት አልፏታል፣ ደህና ነበረች። ከሦስት ሳምንት ወዲህ እጇ ክፉኛ ይንቀጠቀጣል፣ ስትራመድ ትንገዳገዳለች፣ ምላሷም ይያያዛል። ለጉልበቷ አይቡፕሮፌን መውሰድ ጀምራለች። ዘመድ እርጅና ነው ይላል። እኔ አልዛይመር ይሆን ብዬ ፈራሁ።»

መልስ፦ ለዚች ልጅ መጽሔቱ እስኪወጣ አልጠበቅኩም። «ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት፣ የሊቲየም መጠኗ በደም ይለካ» ብዬ በዚያው ቀን መልሼላታለሁ። እዚህ የማወጣው ለሌሎቻችሁ ነው፣ ሊቲየም የሚወስድ አረጋዊ ቤታችሁ ካለ ይህን ቆርጣችሁ አስቀምጡ።

ሊቲየም የጨው ዓይነት ነው፤ ባይፖላርን፣ ማለትም ስሜትን ከልክ ካለፈ ደስታ ወደ ድብርት የሚያመላልሰውን ሕመም፣ ለማርገብ ይሰጣል። ጉበት አያብላላውም፣ እንዳለ በኩላሊት በኩል ነው የሚወጣው። ኩላሊት ደግሞ በዕድሜ ይደክማል። በአርባዎቹ ልክ የነበረው መጠን በ71 ዓመት ይበዛል፤ ክኒኑ ሳይጨመር ደም ውስጥ ያለው ይጨምራል ማለት ነው። በዚህ ላይ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሲደረብበት ኩላሊቱ ሊቲየሙን ማስወጣት ያቅተዋል። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም እንደዚሁ ያደርጋሉ፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ኢናላፕሪል። ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ትኩሳት፣ ውኃ አለመጠጣት ሁሉ መጠኑን ከፍ ያደርጉታል። ሌላው ቀርቶ «ለግፊትሽ ጨው ቀንሺ» ተብላ በአንድ ጊዜ ጨው ብታቆም እንኳ ሊቲየሙ ደሟ ውስጥ ከፍ ሊልባት ይችላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ሊቲየም በሚወስድ ሰው እጅ ላይ ደቃቅ መንቀጥቀጥ የተለመደ ነው። ብርጭቆ አላስይዝ የሚል ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ግን ሌላ ነገር ነው። መንገዳገድ፣ መኮላተፍ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ማስመለስና ተቅማጥ ሲታከልበት ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። አረጋዊ ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። የላቦራቶሪው ቁጥር «ደህና ነው» ተብሎም ሰውዬው ሊመረዝ ይችላል። ለዚህ ነው ለአረጋውያን የሚፈለገው መጠን ለወጣት ከሚፈለገው ዝቅ የሚለው፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ሊትር ደም ከ0.8 ሚሊሞል በታች። ቁጥሩና ምልክቱ ካልተስማሙ ምልክቱን እመኑ።

ሰው ሲደነግጥ መድኃኒቱን አንስቶ ይጥላል፣ ያንን ደግሞ አታድርጉ። አውስትራሊያዊው ጆን ኬድ እ.ኤ.አ. በ1949 ውጤቱን ካሳተመ ጀምሮ ባይፖላርን በማርገብ ሊቲየምን የሚስተካከሉ መድኃኒቶች ጥቂት ናቸው። ሊቲየም የሚወስዱ የባይፖላር ሕሙማን ላይ የመርሳት በሽታ አንሶ የተገኘባቸው ጥናቶችም አሉ። ይህ ይከላከላል ለማለት አይበቃም፣ «ጭንቅላቷን የበላው ሊቲየሙ ነው» ለሚለው ወሬ ግን መልስ ይሆናል። መጠኑ፣ ኩላሊቱ፣ ታይሮይዱና ካልሲየሙ ቢያንስ በየስድስት ወሩ ይታዩ። ለጉልበት ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል ይሻላል፣ ሐኪሟ ይወስን። ማንኛውም ፋርማሲ ስትገቡ የመጀመሪያ ቃላችሁ «ሊቲየም ትወስዳለች» ይሁን።

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 63 ነው። ድብርት ከሠላሳ ዓመቴ ጀምሮ ይመላለስብኛል። አሁን ጭንቅላቴ ባዶ ሆኗል። አንድ ገጽ አንብቤ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። ክፍል ገብቼ ለምን እንደገባሁ እረሳለሁ። አልዛይመር መሆኑን አውቄዋለሁ፣ ለልጆቼ ግን አልነገርኩም። ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን እወስዳለሁ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ዲያዜፓም እጨምራለሁ።»

መልስ፦ እርስዎ «አውቄዋለሁ» ይላሉ። እኔ ግን ገና አላወቅኩም።

የላኩልኝ ደብዳቤ አራት ገጽ ነው። የረሱትን ነገር ሁሉ፣ የት ሆነው እንደረሱት፣ ማን እንደነበረ፣ ከዚያ ምን እንደተሰማዎት ዘርዝረው ጽፈዋል። መርሳቱን በዚህ ልክ የሚያስታውስ ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማስበው ድብርትን ነው። ድብርት ትኩረትን ይሰርቃል። ነገሩ ከመነሻው ወደ ጭንቅላት አልገባም፣ ያልገባ ነገር ደግሞ ሲፈልጉት አይገኝም። ከርቀት ሲያዩት መርሳት ይመስላል። እንዲህ ያለ ሰው ስንፈትነው «አላውቅም፣ ተወኝ» ይላል፣ ትንሽ ፍንጭ ስንሰጠው ግን ያስታውሰዋል። አልዛይመር የጀመረው ሰው ብዙ ጊዜ ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ መሳሳቱንም ላያውቅ ይችላል። ፍንጩም ብዙም አይረዳው። የሚጨነቀው ቤተሰቡ ነው፣ እሱ ምንም አልሆንኩም ይላል። ይህ መለያ ሁልጊዜ አይሠራም፣ ግን መነሻ ይሆናል።

ሁለቱ መድኃኒቶችዎም ንጹሕ አይደሉም። አሚትሪፕቲሊን ከላይ ለእህታችን እንዳልኩት አሴቲልኮሊንን ከሚከለክሉት ወገን ነው። ዲያዜፓም ደግሞ በዕድሜ የገፋ ሰውነት ቶሎ አያስወጣውም። ትናንት ማታ የዋጡት ሳይወጣ የዛሬው ይደረብበታል፣ ጠዋት ጭንቅላት ይከብዳል፣ እግርም ይከዳል። ዲያዜፓምን በየቀኑ የለመደ ሰው በድንገት ካቆመ ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥና ራሱን ሊስት ስለሚችል ቀስ ተብሎ በሐኪም ነው የሚቀነሰው። በአሚትሪፕቲሊን ፈንታ ለዕድሜዎ የሚስማሙ እንደ ሰርትራሊን ያሉ የድብርት መድኃኒቶች አሉ።

አንድ ነገር ሳልሸፍን ልንገርዎ። ለዓመታት የሚመላለስ ድብርት የመርሳት በሽታን ዕድል ከፍ ያደርጋል። በስተርጅና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ድብርት ደግሞ አንዳንዴ የመርሳት በሽታው መግቢያ ይሆናል። ስለዚህ «ድብርት ብቻ ነው» ብዬ አልዘጋውም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ድብርቱ በደንብ ይታከም፣ መድኃኒቶቹ ይስተካከሉ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የማስታወስ ፈተናው ይደገም። ስሜትዎ ተሻሽሎ ማስታወሱ ካልተሻሻለ ያኔ ወደ ቀጣዩ ምርመራ እንሄዳለን።

ለልጆችዎም ይንገሯቸው። እነሱ የሚያዩት እርስዎ የማያዩት ነገር አለ። ደግሞም ከጻፉት ላይ «ሸክም ከመሆን» የምትል ሐረግ ዓይኔ ገብታለች። መኖርን እስከ መጥላት ከደረሱ፣ ያቺን ቃል ዛሬ ለአንድ ሰው፣ ለልጅዎም ለሐኪምዎም፣ አፍ አውጥተው ይንገሩ። ቀጠሮ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ «አባታችን 78 ዓመታቸው ነው። ድሮ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው፣ ለብዙ ዓመት ግን ተረጋግተው ኖረዋል። ባለፈው ሳምንት በሁለት ቀን ውስጥ ተቀያየሩ። ማታ የሌለ ሰው ያናግራሉ፣ ልብሳቸውን ያወልቃሉ፣ ቀን ያንቀላፋሉ። አገረሸባቸው ብለን ቤት የነበረውን ሃሎፔሪዶል ጀመርንላቸው። ባሰባቸው።»

መልስ፦ ሃሎፔሪዶሉን አቁሙና አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። የቆየ የአእምሮ ሕመም ሲያገረሽ አብዛኛውን ጊዜ ቀናትና ሳምንታት ወስዶ ነው፤ እንቅልፍ ይቀንሳል፣ ጥርጣሬ ይጨምራል፣ ቤተሰብ ምልክቱን ያውቀዋል። የአባታችሁ ግን በሁለት ቀን ነው የመጣው፣ ደግሞም ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል። ይህ ዴሊሪየም ይባላል። አእምሮው ላይ ይታያል እንጂ መነሻው ብዙ ጊዜ ሌላ የሰውነት ክፍል ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የታፈነ ሽንት፣ ለቀናት የደረቀ ሆድ፣ የውኃ እጥረት፣ የስኳር መውረድ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት፣ ማንም ሳያይ የተሰበረ ዳሌ። አረጋዊ ሰው የሳንባ ምች ይዞት ሳያስልና ሳያተኩስ ሊደናገር ብቻ ይችላል።

ቤት ሆናችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት ቀላል ነገር አለ። የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ጀምረው ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ጠይቋቸው። ዴሊሪየም ያለበት ሰው «እሑድ፣ ቅዳሜ…» ይልና በመሃል ይጠፋበታል፣ ወይ ጥያቄውን ይረሳዋል፣ ወይ ግድግዳውን እያየ ዝም ይላል። ትኩረቱ ነው የሄደው። የአእምሮ ሕመሙ ብቻ ያገረሸበት ሰው እየተጠራጠረም፣ እየተቆጣም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ይቆጥረዋል።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ፦ ዴሊሪየም ሁልጊዜ ግርግር አያመጣም። ዝም ብሎ የሚተኛ፣ አፉ ላይ ያደረጉለትን ጉርሻ እንኳ የማያላምጥ ዓይነትም አለ። እሱ ይብሳል፣ ምክንያቱም ማንም «ምን ሆነ?» አይልም። «አረፍ ብሏል» ይባላል።

ሃሎፔሪዶሉ ለምን አባሳቸው? አንዱ ምክንያት ዋናው በሽታ ሳይታከም መቆየቱ ሊሆን ይችላል። ሌላ ግን አለ፣ ሐኪሙ እንዲያውቀው የምፈልገው። በሌዊ ቦዲ የመርሳት በሽታ የተያዘ ሰው የሌለ ሰውና እንስሳ አጥርቶ ያያል፣ ቀኑ ይለዋወጥበታል፣ እርምጃው ይጎተታል፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት ጀምሮ በእንቅልፉ እየጮኸ ይራገጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሃሎፔሪዶል አደገኛ ነው። ሰውነቱ ይገተራል፣ ሊሞትም ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ አዳዲሶቹ፣ በ2008 ደግሞ እንደ ሃሎፔሪዶል ስላሉት የቆዩ መድኃኒቶች፣ የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ ሞትን እንደሚጨምሩ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ፈጽሞ አይሰጡም ማለት አይደለም። ከመሳቢያ ተፈልገው የሚሰጡ ግን አይደሉም።

ሐኪም ቤት ሲተኙ መነጽራቸውንና የመስሚያ መሣሪያቸውን አትርሱ። የሚያውቁት ፊት አጠገባቸው ይቀመጥ፣ ቀን መስኮቱ ይከፈት፣ ማታ መብራቱ ይደብዝዝ። አልጋ ላይ አትሰሯቸው። እንዳይሰሯቸውም ተከራከሩ።

ጥያቄ፦ «ልጆቼ ለአእምሮ ይጠቅማል ብለው የቃላት እንቆቅልሽ አመጡልኝ። ይጠቅማል?»

መልስ፦ ደስ ካልዎት ይፍቱት። ደስ ካላልዎት ግን የዓይን ሞራዎን ማስወገድ፣ የጆሮ መሣሪያ ማድረግ፣ ደም ግፊትን ማስተካከልና ከሰው ጋር እየተጨዋወቱ በእግር መሄድ ይበልጣል። ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሰነድ ልንቀይራቸው የምንችላቸውን 14 ምክንያቶች ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል እንደነበር ገምቷል። መስማት መድከም፣ ማየት መድከም፣ ድብርት፣ ብቸኝነት፣ ስኳር፣ ሲጋራ ሁሉ እዚያ አሉ። እንቆቅልሽ አለመፍታት የለም።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ 67 ዓመቱ ነው፣ ክሎዛፒን ይወስዳል። ለልብህ ሲጋራ አቁም ተብሎ በአንድ ጊዜ አቆመ። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ይተኛል፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ያልኩትን ይረሳል። ሲጋራውን ቢመለስበት ይሻል ይሆን እንዴ?»

መልስ፦ ኧረ አይመለስ! ሲጋራ ማቆሙ ትልቅ ነገር ነው። የተፈጠረው እንዲህ ነው፦ የሲጋራ ጭስ ክሎዛፒንን፣ ለስኪዞፍሬኒያ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ የሚያብላላውን የጉበት ኢንዛይም ያበረታዋል። ጭሱ ሲቀር ጉበቱ ይቀዘቅዛል፣ ያው ክኒን በሳምንት ገደማ ውስጥ ደም ውስጥ ከፍ ይላል። ኒኮቲኑ አይደለም፣ ጭሱ ነው። ለዚህ ነው የኒኮቲን ማጣበቂያ ይህን የማይመልሰው። ስለዚህ የሚቀነሰው ክሎዛፒኑ ነው፣ በሐኪም፣ በቶሎ። ኦላንዛፒን የሚወስዱም ይህን ይስሙ። እግረ መንገዴን፣ ክሎዛፒን በሚወስድ ሰው ላይ የሆድ ድርቀት ቀልድ አይደለም፣ አንጀት ዘግቶ ሊገድል ይችላል። ለሦስት ቀን ካልተጸዳዳ ወይ ሆዱ ከተነፋ ዝም አይበሉ።

ጥያቄ፦ «እኔ 72፣ እህቴ 69። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ታማሚ ናት። ወላጆቻችን ካረፉ ወዲህ የማስታምማት እኔ ብቻ ነኝ። በቅርቡ እኔ ራሴ ነገር እየረሳሁ መጣሁ። ከእኔ በኋላ ማን ያያታል?»

መልስ፦ ከሁሉም ደብዳቤዎች ይህኛው ነው ያሳሰበኝ። መጀመሪያ እርስዎ ራስዎ ይመርመሩ። ለሌላው ሲሮጥ የኖረ ሰው ግፊቱን እንኳ ሳያስለካ ዓመት ያልፈዋል። የእንቅልፍ ማጣትና የድካም መርሳትም አለ።

ከዚያ አንድ ሰው ያስገቡ። አንድ ብቻ ይሁን፣ የወንድም ልጅም ጎረቤትም። ታላቁ ስሕተት ተተኪውን እርስዎ ሲታመሙ መጥራት ነው። እህትዎ በዚያን ቀን እርስዎንም ታጣለች፣ የማታውቀው ሰውም ቤቷ ይገባል፣ ሕመሟ የማያገረሽበት ምክንያት የለም። ያ ሰው ከአሁኑ ይምጣ። አንድ ቀን ክኒኗን እሱ ይስጣት፣ አንድ ቀን ለቀጠሮ እሱ ይውሰዳት፣ እርስዎ ቤት ይቅሩ።

እሷንስ ጠይቀዋታል? ስለ ሕሙማን ሲወሰን ሕሙማኑ ክፍሉ ውስጥ እያሉ እንደሌሉ ይቆጠራሉ። ከማን ጋር መኖር እንደምትፈልግ፣ የትኛው መድኃኒት እንደጎዳት፣ ማን እንዲያያት እንደማትፈልግ ታውቃለች። ደህና በሆነችበት ጊዜ ያለችው ይጻፍ፣ ትፈርምበት። የውክልናና የንብረት ጉዳይ ካለም ሁለታችሁም ማስተዋላችሁ ሳይደክም ከሕግ ባለሙያ ጋር ይጨርሱት። የመርሳት በሽታ ከታወቀ በኋላ ፊርማ አጨቃጫቂ ይሆናል።

በመጨረሻም በጭንቅላትዎ ያለውን ወረቀት ላይ ያውጡት። የመድኃኒቶቿ ስምና መጠን፣ ያልተስማማት መድኃኒት፣ የሐኪሟ ስምና የቀጠሮ ቀን። ደግሞ ካርድ ላይ የማይጻፉት፦ ሕመሙ ሲመጣባት መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ምንድን ነው? ስትፈራ ምን ሲሏት ትረጋጋለች? ክኒኑን እምቢ ስትል እርስዎ እንዴት ነው የሚያግባቧት? ለተተኪው የሚጠቅመው ይህ ነው፣ ሌላውን ከፋርማሲም ያገኘዋል። አንድ ገጽ ይበቃል። ሲጨርሱ ኮፒውን ይላኩልኝ፣ የጎደለ ካለ አይቼ እነግርዎታለሁ።